አንድ ደረጃ የወሰነው ዋንጫ፦ ፎርሙላ ዋንን ከሽሮ ሜዳ ሆኖ መከታተል

አዲስ አበባ፡ ታኅሣሥ 7/2018 ዓ.ም

እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ያሉ ኳስ የሚያሳዩ ቤቶች ይሞላሉ። በሽሮ ሜዳ ውጭ የተሰቀሉት የሀበሻ ቀሚሶች ነፋስ ያወዛውዛቸዋል፤ ከውስጥ ያለው ሰው ዐይን ግን ከእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አይነቀልም። በዚያው ሰዓት በሌላ ቻናል የፎርሙላ ዋን መኪናዎች መነሻ መሥመር ላይ ይሰለፋሉ። በአውሮፓ የሚደረጉት ውድድሮች አብዛኞቹ በየሀገሩ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ስለሚጀምሩ፣ በኢትዮጵያ 10 ሰዓት ላይ ይውላሉ። በዚህ ሰዓት አርሰናል ወይም ማንቸስተር ዩናይትድ እየተጫወተ «ቻናሉን ቀይሩልን» ብሎ የሚደፍር የለም። የመኪና ሽቅድምድም ወዳጅ ያለው አማራጭ ቤቱ ሆኖ ማየት ወይም በስልኩ ውጤቱን እየተከታተለ ጥግ መቀመጥ ነው።

እንዲህም ሆኖ ዘንድሮ የተጠናቀቀው የውድድር ዓመት ለትዕግሥተኛ ተመልካች የሚክስ ነበር። ኅዳር 28/2018 ዓ.ም በአቡ ዳቢ በተደረገው የመጨረሻ ውድድር እንግሊዛዊው ላንዶ ኖሪስ በሁለት ነጥብ ብልጫ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ዋንጫውን ያነሣው ግን በዕለቱ አሸንፎ ሳይሆን ሦስተኛ ወጥቶ ነው። ለስፖርቱ አዲስ የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

ፎርሙላ ዋን አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥባቸው፣ አራቱም ጎማዎቻቸው ከአካላቸው ውጭ ያለ ሽፋን የሚታዩ መኪናዎች የሚወዳደሩበት የዓለም ሻምፒዮና ነው። «ፎርሙላ» የተባለው መኪናዎቹ ሁሉ ተሠርተው የሚቀርቡበት የጋራ ደንብ ሲሆን፣ «ዋን» ደግሞ ደረጃው የመጀመሪያው መሆኑን ያመለክታል። የዓለም ሻምፒዮናው የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 በእንግሊዝ ሲልቨርስቶን ነው። በ2025 የውድድር ዓመት 10 ቡድኖች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት አሽከርካሪ አሰልፈዋል። ዋንጫውም ሁለት ነው፤ አንዱ ለአሽከርካሪው፣ ሌላው መኪናውን ለሠራው ቡድን ይሰጣል። የአንድ ቡድን ሁለት አሽከርካሪዎች ለቡድናቸው አብረው ነጥብ እየሰበሰቡ እርስ በርሳቸውም ይፎካከራሉ። የስፖርቱ ትልቁ ጠብ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚሁ ነው።

የውድድር ዓመቱን በኢትዮጵያ ዘመን መቁጠሪያ ማስታወስ ይቀላል። የ2025ቱ መጋቢት 7/2017 ዓ.ም በአውስትራሊያ ሜልቦርን ተጀመረ። ገበሬው በክረምቱ ዝናብ በሥራ ሲጠመድ መኪናዎቹ አውሮፓን ይዞራሉ፤ በነሐሴ ለጥቂት ሳምንታት እረፍት ይወጣሉ። ማጠናቀቂያው ደግሞ አዝመራ በሚሰበሰብበት በኅዳር መጨረሻ ላይ ይውላል። በአጠቃላይ 24 ውድድሮች በአምስት አህጉራት ተካሂደዋል።

ሰዓቱ ግን እንደየሀገሩ ይለያያል። የሜልቦርኑ በኢትዮጵያ ከንጋቱ 1 ሰዓት፣ የጃፓኑ ጠዋት 2 ሰዓት፣ የቻይናው 4 ሰዓት ላይ ይጀምራል። የብራዚሉ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ሲሆን የሜክሲኮው እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ያስጠብቃል። የውድድር ርቀቱ ከጥቂቶች በቀር ከ305 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ በመሆኑ፣ ካልተቋረጠ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። የሜክሲኮውን ለመጨረስ ቆርጦ የተቀመጠ ሰው እኩለ ሌሊትን ያልፋል ማለት ነው።

ነጥብ የሚሰጠው ከአንደኛ እስከ አሥረኛ ለወጡት ብቻ ነው። አንደኛ 25፣ ሁለተኛ 18፣ ሦስተኛ 15፣ አራተኛ 12፣ አምስተኛ 10 ያገኛል፤ ከዚያ 8፣ 6፣ 4፣ 2 እያለ አሥረኛው በ1 ይሸኛል። በዓመቱ በስድስት ቦታዎች ቅዳሜ ዕለት ስፕሪንት የሚባል 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ አጭር ውድድር የተደረገ ሲሆን፣ የእርሱ አሸናፊ 8 ነጥብ ያገኛል። የዓመቱ ድምር ሻምፒዮኑን ይለያል። ብዙ ጊዜ ያሸነፈ ሁሉ ሻምፒዮን አይሆንም የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

የ2025ቱ ውጤት ይህን በግልጽ ያሳያል። የኔዘርላንዱ ማክስ ቨርስታፐን 8 ጊዜ ሲያሸንፍ፣ ኖሪስና የማክላረን ቡድን ባልደረባው አውስትራሊያዊው ኦስካር ፒያስትሪ 7 ጊዜ፣ 7 ጊዜ አሸንፈዋል። ቨርስታፐን ነሐሴ 25/2017 ዓ.ም በሀገሩ የተደረገው ውድድር ሲያበቃ ከመሪው ፒያስትሪ በ104 ነጥብ ርቆ ስለነበር፣ ዋንጫው የሁለቱ የማክላረን ልጆች ብቻ መስሎ ነበር። ኖሪስም በዚያው ውድድር ሁለተኛ ሆኖ ሲነዳ መኪናው ተበላሽታበት 18 ነጥብ ከእጁ አመለጠ። ከዚያ በኋላ ግን ቨርስታፐን ልዩነቱን በየሁለት ሳምንቱ መቆራረስ ጀመረ። ፒያስትሪ ተዳከመ፤ ኖሪስ ደግሞ ሜክሲኮንና ብራዚልን በተከታታይ አሸንፎ መሪነቱን ወሰደ።

ኅዳር 14/2018 ዓ.ም ከንጋቱ 1 ሰዓት ላይ የላስ ቬጋሱ ውድድር ሲጀመር በሽሮ ሜዳ እሑድ ማለዳ ነበር። ኖሪስ ሁለተኛ፣ ፒያስትሪ አራተኛ ሆነው ጨረሱ። ቴሌቪዥኑን ዘግቶ ወደ ጉዳዩ የሄደ ሰው ከሰዓታት በኋላ ሁለቱም መሰረዛቸውን ሰማ። በእያንዳንዱ መኪና ሆድ ሥር መሬቱን እንዳይጠጋ የሚጠብቅ ሳንቃ አለ። ሳንቃው ከውድድሩ በኋላ ሲለካ ከ9 ሚሊ ሜትር መሳሳት የለበትም፤ የሁለቱ መኪኖች ግን ከልክ በላይ ተፍቆ ተገኘ። ጉድለቱ በቀጭን ክር ውፍረት የሚለካ ነበር። ደንቡ ግን ትንሽና ትልቅ አይለይም። መኪና ወደ መሬት በቀረበ መጠን ከሥሩ የሚያልፈው አየር ይበልጥ ወደ ታች ስለሚስበው ኩርባ ላይ ይፈጥናል፤ ስለዚህ በዚህ ልኬት ቸርነት ቢደረግ ሁሉም መኪናውን ዝቅ ያደርግ ነበር። ኖሪስ 18፣ ፒያስትሪ 12 ነጥብ ተነጠቁ።

በሚቀጥለው ሳምንት በኳታር ደግሞ ማክላረን በራሱ ላይ ፈረደ። በሰባተኛው ዙር ላይ አደጋ ደርሶ መኪናዎቹ ከደኅንነት መኪና ኋላ በዝግታ ሲከተሉ፣ ሌሎቹ ቡድኖች ጎማ ለመቀየር ገቡ። ሁሉም በዝግታ በሚሄድበት ጊዜ መቆም የሚያባክነው ሰከንድ ጥቂት ነውና ውሳኔያቸው ትክክል ነበር። ማክላረን ሁለቱንም ልጆቹን በመንገዱ ላይ ተዋቸው፤ ቨርስታፐንም አሸነፈ። ወደ አቡ ዳቢ ሲሄዱ ኖሪስ 408፣ ቨርስታፐን 396፣ ፒያስትሪ 392 ነጥብ ይዘው ነበር።

የመጨረሻዋን እሑድ ስሌት ጣት ቆጥሮ ማየት ይቻላል። ቨርስታፐን አሸንፎ 421 ደረሰ። ሁለተኛ የወጣው ፒያስትሪ በ410 ቀረ። ኖሪስ ሦስተኛ በመሆኑ 15 ነጥብ ተጨምሮለት 423 ሞላ። አንድ መኪና አልፎት አራተኛ ቢሆን ኖሮ 420 ላይ ቆሞ በአንድ ነጥብ ይሸነፍ ነበር። ከዚህም የጠበበ ልዩነት በታሪክ ተመዝግቧል። በ1984 ኒኪ ላውዳ አሊን ፕሮስትን የበለጠው በግማሽ ነጥብ ነው። ግማሽዋ የመጣችው በዚያ ዓመት በሞናኮ ዝናብ በርትቶ ውድድሩ ሳይጋመስ በመቆሙ፣ ነጥቡ ለሁሉም በግማሽ ስለተከፈለ ነው። የሞናኮው አሸናፊ ራሱ ፕሮስት ነበር፤ ዝናቡ የወሰደበት ዋንጫውን ጭምር ሆነ።

ሽሮ ሜዳ በሸማኔዎቹና በሀበሻ ልብስ ገበያው የታወቀ ሰፈር ነው። የፎርሙላ ዋን መኪና አካልም የሽመና ውጤት መሆኑን የሚያውቅ ግን ብዙ አይደለም። መኪናው የሚሠራው ካርበን ፋይበር ከሚባል፣ ከጠጉር በቀጠነ ጥቁር ክር ነው። ክሩ እንደ ሸማ ድርና ማግ ሆኖ ይሸመናል፤ ጨርቁ በሙጫ ይርሳል፤ ከዚያ በቅርጽ ማውጫ ላይ ንብብር በንብብር ተነጥፎ በግፊትና በሙቀት ይጋገራል። ክሩ የሚበረታው በተዘረጋበት አቅጣጫ በመሆኑ፣ አንዱ ንብብር በቁመት ሌላው በአግድም ወይም በሰያፍ ይነጠፋል። ሲወጣ ከብረት የቀለለና እጅግ የጠነከረ ይሆናል።

ሙሉ አካሉ በዚህ የተሠራ የፎርሙላ ዋን መኪና መጀመሪያ ለውድድር ያቀረበው ማክላረን ሲሆን፣ ጊዜው 1981 ነበር። «እንዲህ ያለው ነገር በግጭት እንደ ብርጭቆ ይበተናል» የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት በጣልያን ሞንዛ የጆን ዋትሰን መኪና ከግንብ ጋር ተላትማ ለሁለት ስትከፈል፣ አሽከርካሪው በእግሩ ወጥቶ ሄደ፤ ክርክሩም በዚያው አበቃ። በ2020 ባሕሬን ላይ የሮማን ግሮዣን መኪና የብረት አጥሩን በስታ በእሳት ስትያያዝ፣ ሰውየው ከእሳቱ ውስጥ ወጥቶ ተርፏል። ያዳኑት ከካርበን የተሸመነው መቀመጫ ክፍልና ከራሱ በላይ የተሠራው ሄሎ የሚባል የታይታኒየም ቅስት ናቸው። ሄሎ በ2018 ግዴታ ሲሆን መልኩ አስቀያሚ ነው ብለው የተቃወሙ ጥቂት አልነበሩም። ከእነዚህ አንዱ ግሮዣን ራሱ ነበር።

የሜክሲኮውን ውድድር ደግሞ የሽሮ ሜዳ ሰው ከማንም ይልቅ ይረዳዋል። የመወዳደሪያው ቦታ ከባሕር ወለል 2 ሺህ 240 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ሽሮ ሜዳ ከዚያም በላይ ሲሆን እንጦጦ ጫፍ ላይ ከ3 ሺህ ሜትር ይታለፋል። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም በየ1 ሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ሰው የጫነ አሮጌ ሚኒባስ ዳገቱን ሲወጣ የሚያቃስተው ለዚህ ጭምር ነው። የፎርሙላ ዋን ሞተር ተርቦ ስላለው አየሩን አፍኖ በማስገባት ጉልበቱን ብዙም አያጣም። ጫናው የሚበረታው በክንፉ ላይ ነው። ክንፉ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫነው በአየር ነውና፣ በሳሳ አየር ትልቁ ክንፍ እንኳ የትንሹን ያህል ይሠራል። መኪናው በቀጥታው መንገድ ይበራል፤ ኩርባው ላይ ግን ይንሸራተታል። ፍሬኑንና ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውም አየሩ ስለሆነ ሁሉም ይግላል።

የአፍሪካ ተመልካች ቅሬታ ሌላ ነው። አምስት አህጉራት ሲታደሉ አፍሪካ የለችበትም። በ1958 ሞሮኮ ካዛብላንካ አንድ ጊዜ አስተናግዳለች። ደቡብ አፍሪካም ከ1962 ጀምሮ መጀመሪያ በኢስት ለንደን፣ ቀጥሎም በካያላሚ ስታስተናግድ ቆይታ የመጨረሻው በመጋቢት 1993 ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል። ከአፍሪካ የወጣው ብቸኛው ሻምፒዮንም በ1979 ለፌራሪ ነድቶ ያሸነፈው ደቡብ አፍሪካዊው ጆዲ ሼክተር ነው። ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ሉዊስ ሃሚልተን ውድድሩ ወደ አህጉሩ እንዲመለስ ደጋግሞ ጠይቋል። ሩዋንዳም በታኅሣሥ 2024 የማስተናገድ ፍላጎቷን በይፋ አስታውቃለች። የሩዋንዳ ጥያቄ ቢሳካ ኪጋሊ ከአዲስ አበባ ሩቅ አይደለችም፤ ሰዓቱም የአንድ ሰዓት ልዩነት ብቻ ነው። ይሁንና ማስተናገድ ከፍተኛ ገንዘብ ይጠይቃል፤ መንገድና ሆስፒታል ለሚያስፈልገው ሕዝብ ወጪው ተገቢ ነው ወይ የሚለው ጥያቄም ተገቢ ጥያቄ ነው።

በ2026 ደንቡ ይለወጣል። የመኪናው ጉልበት ግማሽ ያህሉ ከኤሌክትሪክ እንዲመጣ፣ ነዳጁም ከመሬት ከሚወጣ ድፍድፍ ያልተሠራ እንዲሆን ተወስኗል። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም በከለከለችው ኢትዮጵያ ይህ እንግዳ ወሬ አይደለም። አሠራሩም ያው ነው፤ ከእንጦጦ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርድ የኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን ሲይዝ ሞተሩ ተገልብጦ ኃይል እያመነጨ ባትሪውን ይሞላል። የፎርሙላ ዋን መኪናም ኩርባ ላይ ሲደርስ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ከ300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ተነሥቶ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መሆኑ ነው። ካዲላክ አሥራ አንደኛ ቡድን ሆኖ ስለሚገባ ተወዳዳሪዎቹ 22 ይሆናሉ። ደንብ ሲለወጥ ትናንት የመራው ነገ ኋላ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነውና፣ አዲስ ተመልካች ለመጀመር የተሻለ ዓመት አያገኝም።

የመጀመሪያው ውድድር በሜልቦርን የካቲት 29/2018 ዓ.ም እሑድ ከንጋቱ 1 ሰዓት ላይ ይጀመራል። በዚያ ሰዓት የእንግሊዝ ኳስ የለም፤ ኳስ የሚያሳዩት ቤቶችም ገና አይከፈቱም።