ጓዳና በረት የሚካፈሉት ማሳ፦ የወላይታ ሥራሥር ሰብሎችና መኖዎች የምግብ ይዘት

የወላይታ ዞን በኢትዮጵያ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሰፈረባቸው አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ፣ ከወላይታ ሶዶ ወጣ ብሎ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የሚኖር ገበሬ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሄክታር በእጅጉ ባነሰ መሬት ላይ የቤተሰቡን ቀለብና የከብቱን መኖ አብሮ ማብቀል ግድ ይለዋል። ስለዚህም እንሰትና ስኳር ድንች በዚያ አካባቢ የጓዳም የበረትም ናቸው፤ የምግብ ይዘታቸው ሲመረመር ግን ኃይል ሰጪው ስታርች ወደ ጓዳ፣ አብዛኛው ፕሮቲን ደግሞ ወደ በረት እንደሚሄድ ይታያል።

ምግብንና መኖን ለማነጻጸር በቅድሚያ ውሃው መውጣት አለበት፤ ናሙናው ደርቆ ውሃው ከተነነ በኋላ የሚቀረው ክፍል ደረቅ ቁስ ይባላል። በተለመደው የቤተ ሙከራ ዘዴ ፕሮቲኑ በቀጥታ አይለካም፤ የሚለካው ናይትሮጅን ሲሆን፣ ከፕሮቲን ክብደት 16 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው ተብሎ ስለሚወሰድ ውጤቱ በ6.25 ይባዛል። በዚህ መንገድ የሚገኘው አኃዝ ከፕሮቲን ውጪ ያለውንም ናይትሮጅን ስለሚጨምር ድፍድፍ ፕሮቲን ይባላል።

እንሰት ለመፋቅ ሲደርስ፣ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜው፣ ሴቶች ግንዱን የሠሩትን የቅጠል ሽፋኖች አንድ በአንድ ገንጥለው በዘመመ ሳንቃ ላይ በማስደገፍ በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቋቸዋል። ቃጫው ለብቻው ይወጣል፤ የተፋቀው ክፍል ከተከተከተው ሥር ጋር ተቀላቅሎ ኮባ (የእንሰቱ ቅጠል) በተነጠፈበት ጉድጓድ ይቀበራል፤ ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጭ ስታርችም ቡላ ይሆናል። በጉድጓዱ ውስጥ ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች የተቀበረውን አኮምጥጠው ቆጮ ያደርጉታል፤ አሲዱ አበስባሽ ተሕዋስያንን ስለሚገታም ቆጮው ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል። ቆጮ ስታርች በብዛት፣ ካልሲየምና ብረትም በደህና መጠን ሲኖረው፣ ፕሮቲኑ ግን ከ100 ግራም ውስጥ ከ1 እስከ 2 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በዚያው ክብደት የጤፍ ዱቄት 10 ግራም ያህል ይይዛል፤ እርግጥ ዱቄቱ ደረቅ፣ ቆጮው ግን ውሃ ያዘለ ስለሆነ ንጽጽሩ ቆጮን ትንሽ ይበድላል፤ ይህ ታስቦም ቢሆን ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ከዚያው ተክል ተቆርጦ ለላሟ የሚጣለው ኮባ በደረቅ ቁስ ሲሰላ ከ10 በመቶ በላይ ድፍድፍ ፕሮቲን አለው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በሚያመነዥክ እንስሳ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩት ረቂቃን ተሕዋስያን አሰር ያለበትን መኖ በወጉ እንዲያብላሉ መኖው ቢያንስ 7 በመቶ ያህል ድፍድፍ ፕሮቲን ሊኖረው ሲገባ፣ የጤፍ ገለባም ሆነ የበቆሎ አገዳ በአብዛኛው ከዚህ በታች ናቸው። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ እንሰቱ እርጥብ ሆኖ ስለሚቆይ፣ ኮባው መኖ ብቻ ሳይሆን ውሃም ነው።

በስኳር ድንች ረገድ ክፍፍሉ ከዚህም ይሰፋል። ነጩ ድንች ስታርች ሲሆን፣ የቅጠሉ ደረቅ ቁስ ግን አንድ አምስተኛ ያህሉ ድፍድፍ ፕሮቲን ነው፤ ሐረጉን የሚበላው ደግሞ በሥጋው የታወቀው የወላይታ ሰንጋ ነው። በእስያና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ይህ ቅጠል እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል፤ ወላይታ ውስጥ በገበታ ላይ አለመለመዱ ከተክሉ ባሕርይ ሳይሆን ከልማድ የመነጨ ነው። ኩልፎና ቱላ የተባሉት ባለ ብርቱካናማ ቀለም ዝርያዎች በበኩላቸው ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ቤታ ካሮቲን ስለያዙ በነጩ ድንች ላይ ያለውን አንዱን ጉድለት ይሞላሉ እንጂ ፕሮቲኑን አይጨምሩም። ካሳቫም ያው የስታርች ሰብል ነው፤ ከዚህም በላይ ሳያናይድ የሚያመነጭ ውሕድ ስላለበት ተልጦ፣ ተዘፍዝፎና ደርቆ ካልሆነ ለምግብነት አይታመንም።

ከጋሞ ደጋ ከጨንቻ የተስፋፋው የደሾ ሣር በእርከን ላይ ተተክሎ አፈሩን እየያዘ መኖ ይሆናል፤ ሆኖም የመታጨጃ ጊዜው ካለፈ ግንዱ እየጠነከረ ፕሮቲኑ ስለሚወርድ፣ ጥቅሙ የሚወሰነው በዓይነቱ ብቻ ሳይሆን በታጨደበት ጊዜ ነው።

እንግዲህ በረት የገባው ፕሮቲን ወደ ቤተሰቡ የሚመለሰው በወተት ሲሆን፣ ፍግ ደግሞ እንሰቱን መልሶ ያፋፋል። ችግሩ የሚከፋው ላም በሌለው ቤት ነው፤ በዚያ ቤት ኮባው ወተት አይሆንም፣ ማሳውም ፍግ ያጣል፣ ልጆቹም በቆጮ ብቻ ጠግበው ፕሮቲን ይጎድላቸዋል። ስለሆነም በአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል የተሻሻሉ የእንሰት ዝርያዎችን ለገበሬው የሚያደርሱ አካላት የቦሎቄ ዘርና የደሾ ችግኝ አብረው ቢያቀርቡ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቆጮ ከቦሎቄና ከጎመን ጋር እንዲበላ ቢመክሩ፣ የስኳር ድንች ቅጠልንም ለገበታ ቢያስተዋውቁ ይገባል።