የወለቃ እሳትና የሙቀት ትምህርት

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው ወለቃን ያገኛል። ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ሆና ስትኖር፥ ሴቶቹ በሸክላ ወንዶቹም በብረት ሥራ የታወቁ ነበሩ። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች፥ እንዲሁም ከዚያ በኋላ፥ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ሸክላው ግን በመንደሩ ቀርቷል።

ያገሬው ገበሬ ማረሻውን ከእነርሱ ገዝቶ፥ ውሃውንም በእነርሱ እንስራ ቀድቶ ሲያበቃ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። ርስት ስለ ተከለከሉ በእጃቸው ሙያ አደሩ፤ በእጃቸው ሙያ ስላደሩም ተፈሩ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ቢያወጡም ስሙ ከሰው አፍ አልጠፋም። የሚገርመው ነገር፥ ለስድብ የሚነገረው «ጠይብ» የተባለው ቃል «ጠቢብ» ከሚለው ጋር አንድ ሥር ያለው መሆኑ ነው። እኔ የቋንቋ ተማሪ ስለሆንሁ ከዚህ ላይ ላቆም እችል ነበር። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች በእሳት ምን ያደርጉ እንደ ነበር ካልተረዳን ጥበቡም ፍርሃቱም አይገባንምና፥ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ይቅርታ ያድርጉልኝና በእነርሱ እርሻ ጥቂት ልግባ።

በመጀመሪያ ሙቀትና መጠነ ሙቀት ሁለት ነገር መሆናቸውን እንወቅ። ብረት ቀጥቃጩ ወናፉን ሲያስነፋ ከፍሙ የሚፈናጠረው ብልጭታ ወደ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሲሆን፥ እጅ ላይ ቢያርፍ ጥቂት ለብለብ አድርጎ ይጠፋል። ከምድጃ የወረደ ውሃ ግን 100 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ እጅን ይልጣል። መጠነ ሙቀት በአንድ ነገር ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ቅንጣቶች በአማካይ ምን ያህል እንደሚርገበገቡ የሚያመለክት ልክ ነው። ሙቀት ደግሞ ከጋለው ወደ ቀዘቀዘው የሚተላለፍ ኀይል ሲሆን፥ በነገሩ ብዛትና ዓይነት ጭምር ይወሰናል። ብልጭታው ልኩ ከፍ ያለ ቢሆንም ለእጃችን የሚሰጠው እጅግ ጥቂት ነው። ይህን ልዩነት በትምህርት መልክ ያስረዳው ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ ሲሆን፥ ጊዜውም በ1760ዎቹ እ.ኤ.አ. ነበር።

አንድ ኪሎ ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚፈጀው ሙቀት፥ አንድ ኪሎ ብረት በዚያው ልክ ለማሞቅ ከሚፈጀው 9 እጥፍ ያህል ነው። አንድ ኪሎ የሚመዝን ማረሻ በ800 ዲግሪ ግሎ 20 ሊትር ውሃ ካለበት ገንዳ ቢነከር፥ በእንፋሎት የሚወጣውን ትተን ብንቆጥር፥ ብረቱ ወዲያው ሲበርድ ውሃው የሚሞቀው በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ብቻ ነው። የባለሙያው ገንዳ ከብረቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለ ውሃ ከተነሣ ዘንድ፥ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን የሸመደድነው ለባሕር ጠረፍ ሰዎች እውነት ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ ስለዚህ ውሃው በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በደባርቅም ከዚያ ዝቅ ብሎ ወደ 90 ይጠጋል። ከፈላ በኋላ እንጨት ቢጨመር ልኩ ከዚያ አያልፍም። የተጨመረው ሙቀት ሁሉ ውሃውን እንፋሎት ለማድረግ ይሄዳል፤ ይህም ቀዝቃዛውን ውሃ ለማፍላት ከፈጀው ሰባት እጥፍ ያህል ነው። የደጋ ሰው ባቄላ አልበስልልህ ቢለው እንግዲህ እንጨቱን አይውቀስ።

ሸክላ ሠሪዋ የምትፈራው ይህንኑ እንፋሎት ነው። የተሠራው ዕቃ በጥላ ቀስ ብሎ ካልደረቀ፥ በግድግዳው ውስጥ የቀረው ውሃ እሳት ሲነካው እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም ከውሃው ከ1,000 እጥፍ የበለጠ ቦታ ይፈልጋልና ዕቃውን ያፈነዳዋል። ብዙ ሸክላ ሠሪዎች የተሰበረ ገል ወቅጠው ከአፈሩ ጋር የሚለውሱት ለቁጠባ ብቻ አይደለም፤ ገሉ ለእንፋሎቱ መውጫ ይሰጣል፥ አፈሩም ሲደርቅ እንዳይሸማቀቅ ይረዳል።

ዕቃው በሜዳ ተከምሮ በእንጨትና በኩበት ሲነድ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ባለው ልክ ላይ ትልቁ ለውጥ ይፈጸማል። ከአፈሩ ጋር ተዋሕዶ የነበረው ውሃ ይለቅቃል፤ ያ አፈር ከእንግዲህ ወዲህ ውሃ ቢጠጣ ወደ ጭቃነት አይመለስም። በ573 ዲግሪ ደግሞ በአፈሩ ውስጥ ያለው የኳርትዝ አሸዋ ድንገት ያብጣል፤ ሲበርድም በዚያው ልክ ይኮማተራል። ስለዚህ ክምሩን ቸኩሎ የከፈተ ሰው፥ የዕቃው አንዱ ጎን በነፋስ ሲበርድ ሌላው እንደ ጋለ ስለሚቀር፥ ስንጥቅ ይተርፈዋል። ወለቃን ያስጠራት ጥቁሩ ቀለም የሚገኘው፥ በሸክላ ሙያ እንደሚታወቀው፥ የጋለው ዕቃ አየር አጥቶ በጭስ ሲታፈን የከሰሉ ብናኝ በቀዳዳዎቹ ስለሚገባ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቴርሞሜትር የሚባል ነገር የለም። በትምህርት ቤት የምናውቀው ባለ ሜርኩሪው ቢገባም አያገለግልም ነበር፤ ሜርኩሪ በ357 ዲግሪ ይፈላልና። ብረት ቀጥቃጭ የሚያነበው ቀለም ነው፦ ደብዛዛ ቀይ ከ600 እስከ 700፥ ደማቅ ቀይ 800 ገደማ፥ ብርቱካንማ 950 ገደማ፥ ቢጫ 1,100፥ ነጭ ወደ 1,300 ዲግሪ። ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ስለሆነ ሙያው ከዚያ በታች ባለው ክልል ይፈጸማል። ጥቂት ካርቦን ያለበት ብረት ጠንካራ ስለት የሚያወጣው ከ727 ዲግሪ በላይ ግሎ በድንገት ሲነከር ነው። የቀለሙ ልዩነት በፀሐይ ብርሃን አይታይም፤ በጥላ ይታያል። በእኔ ግምት የጨለማው ጎጆ፥ የወናፉ ድምፅና በፍሙ የቀላው ፊት ለፍርሃቱ ብዙ ሳይረዱት አልቀሩም። ከውጭ የቆመው ሰው ጨለማውን አየ፤ ባለሙያው ጨለማውን የፈለገው ቀለሙን ለመለየት ነበር።

እንስራውም ቢሆን እሳቱን ጨርሶ ሥራውን አይጨርስም። በግድግዳው ረቂቅ ቀዳዳዎች የሚያልበው ውሃ ሲተን ከውስጡ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ የቀረው ይቀዘቅዛል። ገዥው ይህን ቢያውቅም ባያውቅም ከመክፈሉ በፊት እንስራውን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ ጆሮውን ያቀርባል። ድምፁ ከፈዘዘ የተሰነጠቀ ወይም ያልበሰለ ሊሆን ይችላል፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ የዋጋው ክርክር ይጀመራል።