የታየው የትኛው ጥንብ አንሳ ነው?

ጥንብ አንሳ እየጠፋ ነው ሲባል «ኧረ ትናንት ገደሉ ላይ ሲያንዣብብ አይቼዋለሁ» የሚል አይታጣም። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጉና ባለበት በእስቴና በጋይንት አገር ይህ መልስ አያስገርምም። የታየው የትኛው ነው? በደጋው ገደላገደል የሚኖሩ ሁለት ትልልቅ አሞራዎች በአንድ ስም ቢጠሩም በዘርም በአደጋም የተራራቁ ናቸው።

አንዱ በ1830ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጎንደር ድረስ በዘለቀው ጀርመናዊ አሳሽ በኤድዋርድ ሩፔል ስም የሚጠራው ጂፕስ ሩፔሊ ነው። ሌላው ጢማሙ አሞራ፣ ጂፔተስ ባርባተስ ነው። ሁለቱም ከንስር ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመደባሉ። የሩፔል አሞራ ግን ጥንብ በመንጋ ከሚከቡት የጂፕስ ወገኖች አንዱ ሲሆን፣ ጢማሙ በወገኑ ውስጥ ብቻውን ነው፤ የቅርብ ዘመዱም ነጩ የግብፅ አሞራ ነው።

ጢማሙ ዋና ምግቡ አጥንት ነው። የማይዋጥለትን ይዞ ወደ ላይ ይወጣና አለት ላይ ለቆ ይሰባብረዋል። ሥጋም አይንቅም፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሊማሊሞ አናት ላይ አሽከሮቹ ምሳ ሲበሉ አንድ ጢማም አሞራ ወርዶ የፍየል ጭንና ወርች ነጥቆ እንደሄደ ጽፏል። ሲመለስ ግን ብሩስ በጥይት ጠበቀው።

በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ጢማሙ ከ2014 ጀምሮ «ለስጋት የተቃረበ» ነው። የሩፔል አሞራ ግን በ2015 ከዱር ጨርሶ ከመጥፋት በፊት ወዳለው የመጨረሻ ደረጃ ወርዷል። በዚያው ዓመት የወጣ አፍሪካ አቀፍ ጥናት ቁጥሩ በሦስት ትውልድ ውስጥ 97 በመቶ ያህል እንደቀነሰ ገምቷል።

ልዩነቱን በዋናነት ያመጣው አበላላቸው ይመስለኛል። ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ ሥጋ ላይ የተደረገ መርዝ፣ በመንጋ የሚወርዱትን በአንድ ቀን በብዛት ይፈጃል። ብቻውን የሚዞረው፣ አጥንት ጠባቂው ጢማሙ እንዲህ በጅምላ አያልቅም እንጂ እሱም ከመርዝ አያመልጥም። የሩፔል አሞራ በዓመት ከአንድ እንቁላል በላይ ስለማይጥል የሞተውን ቶሎ አይተካም።

የሚፈጃቸው መርዝ ብቻም አይደለም፦ ህንድ ለከብት ሕመም ማስታገሻ ይሰጥ የነበረውን ዳይክሎፌናክ በ2006 ያገደችው፣ መድኃኒቱን የወሰደ ከብት ጥንብ የበሉ አሞራዎቿ ካለቁ በኋላ ነው። እኛ ያን ያህል አንጠብቅ፦ ጥንብ ላይ መርዝ አይደረግ፣ ይህም መድኃኒት ለከብት አይሰጥ።