«ማንሣት»፣ «ግፊት»፣ «ገፊ ኃይል»፦ ስለ ባሩድ ሮኬት ሙያዊ ቃላት አጭር ማብራሪያ

አማርኛ የጋምቤላ ክልል የሥራ ቋንቋ ነው። በክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግን በአኙዋክኛ፣ በኑዌርኛና በማጃንግኛም ይማራሉ። ስለዚህ አንድ የአማርኛ የሳይንስ ቃል ሲዛባ ስሕተቱ በአማርኛ ብቻ አይወሰንም፤ መምህሩ ወደ ሌላው ቋንቋ ሲመልሰው አብሮ ይሻገራል። ይህንኑ በባሩድ በሚወነጨፍ ሮኬት ምሳሌነት ለማብራራት እንሞክራለን።

በጋምቤላ ከተማ «ማንሣት» የሚለውን ግስ ለሚመረምር ሰው ሦስት ነገሮች ይታዩታል። በባሮ ወንዝ ላይ ታንኳን የሚያነሣው ውሃው ነው፤ ከ1894 ዓ.ም. ውል በኋላ በክረምት ሙላት ከካርቱም ይመጡ የነበሩትን የእንፋሎት መርከቦች ይሸከም የነበረውም ይኸው ውሃ ነበር። አውሮፕላንን በክንፉ ዙሪያ የሚያልፈው አየር ያነሣዋል። ሮኬት ግን ውሃም ክንፍም አይሻም፤ የሚያነሣው ራሱ ወደ ታች የሚተፋው ጋዝ ነው። ሦስቱንም በአንድነት «የማንሣት ኃይል» ብንላቸው ውጤቱን እንገልጻለን እንጂ ምክንያቱን አንለይም።

የቃላቱን ታሪክ እንመልከት። «ባሩድ» የዐረብኛ ውርስ ነው፤ በመጀመሪያ ያመለክት የነበረውም ከከሰልና ከድኝ ጋር የሚቀላቀለውን ጨው መሰል ማዕድን ብቻ ነበር። «ሮኬት» ሥሩ ጣሊያንኛ ሲሆን፣ ከቅርጹ የተነሣ ከፈትል መሣሪያ ስም የወጣ ነው። ዛሬ ለጠፈር ተጓዥ አካል የምንጠቀምበት «መንኮራኩር» ደግሞ በግእዝ የሠረገላ እግር ማለት ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ላይ እንግሊዞች የተኰሷቸው የሔል ሮኬቶች በባሩድ የሚሠሩ ነበሩ፤ የቀድሞዎቹን ረዥም የእንጨት ጭራ ትተው እየተሽከረከሩ አቅጣጫቸውን ይጠብቁ ነበር።

ዋናው ችግር «ግፊት» በሚለው ቃል ላይ ነው። «የደም ግፊት»፣ «የአየር ግፊት» ስንል አንድ ፈሳሽ ወይም ጋዝ በያዘው ነገር ግድግዳ ላይ የሚያሳድረውን ጫና ማለታችን ነው። ሮኬቱን ወደ ላይ የሚያስኬደውንም «ግፊት» ካልነው ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። በዚህ አጠራር የተማረ ልጅ «ሮኬቱ እንዲነሣ ግፊቱን መጨመር ነው» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። በቀፎው ውስጥ ያለው ግፊት ከልክ ሲያልፍ ግን ቀፎው ይፈነዳል፤ ሮኬት መሆኑ ቀርቶ ቦምብ ይሆናል። በቤት የሚሠራ የባሩድ ሮኬት እጅና ዐይን የሚያጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ባሩድ መጨመርም ብቻውን መፍትሔ አይደለም፤ የሚጨመረው ባሩድ ራሱ ሸክም ነውና።

ሮኬት የሚነሣው ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ከክብደቱ ሲበልጥ ነው። የዚህም ኃይል መጠን የሚለካው በአንድ ሴኮንድ በሚወጣው ጋዝ ብዛትና በሚወጣበት ፍጥነት ነው። ባሩድ ሲቃጠል ከሚገኘው ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ጋዝ ሳይሆን ጢስ የሚሆን ጠጣር ዝቃጭ በመሆኑ፣ የማንሣት ችሎታው ከዘመናዊ ነዳጆች እጅግ ያንሳል። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ያስወነጨፈቻት 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን ሳተላይት የተነሣችው በፈሳሽ ነዳጅ በሚሠራ የቻይና ሮኬት ነበር።

እንግዲህ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። «ግፊት» በግድግዳ ላይ ለሚያርፈው ጫና ብቻ ይወሰን። ሮኬትን የሚያስኬደው «ገፊ ኃይል»፣ አውሮፕላንን የሚያነሣው «አንሺ ኃይል»፣ ታንኳን የሚሸከመው «አንሳፋፊ ኃይል» ይባል። እንዲሁም «መቃጠል» እና «መፈንዳት» አንዱ በሌላው ምትክ አይነገሩ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የአንድ መስመር ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ለተማሪው ግን የአካሉ ጉዳይ ነው።