ግማሽ ሰው፣ ግማሽ አውሬ፦ ገጸ ባሕርይውን እንዴት እንቅረጸው?

ምናባዊ ልቦለድ ወይም የጌም ታሪክ ለመጻፍ የምንሞክር ተማሪዎች ግማሽ ሰው ግማሽ አውሬ የሆነ ገጸ ባሕርይ ስንፈጥር ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከመልኩ ነው። ቀንድ እንተክልለታለን፣ ጅራት እንቀጥልለታለን፣ ጥፍሩን እናስረዝማለን። ይህ ግን ገና ሥዕል እንጂ ገጸ ባሕርይ አይደለም። ገጸ ባሕርይ የሚሆነው ሁለቱ ግማሾች ሲጋጩ ነው። ለዚህ የሚረዱ ሦስት ጥያቄዎች አሉ።

1. አውሬነቱ ከየት መጣ?

የግሪኮቹን ሚኖታውር እንውሰድ። የክሬት ንጉሥ ሚኖስ ለባሕር አምላክ ለፖሲዶን መሠዋት የነበረበትን ኮርማ ሳስቶ አስቀረ። በዚህ ቅጣት ሚስቱ ፓሲፋኤ ኮርማውን አፈቀረችና የበሬ ራስ ያለው ልጅ ወለደች። ጥፋቱ የንጉሡ ሆኖ ሳለ መውጫው በማይታወቅ ቤት ውስጥ የተዘጋበት ግን ልጁ ነው። አስቴሪዮን የሚባል ስም ነበረው እኮ! ቦርኼስ በ1947 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አጭር ልቦለድ ታሪኩን በራሱ በአስቴሪዮን አንደበት ሲያስተርከው አንባቢው የሚያዝነው ለ«አውሬው» ነው።

2. ምን ይሰጠዋል? ምንስ ያስከፍለዋል?

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው ጨዋታ በ1978 እ.ኤ.አ. የተጫዋቾች መጽሐፉ ለግማሽ ኦርክ ጉልበትና ጽናት ጨምሮ ሰውን የመማረክ ችሎታውን ቀንሶበት ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ግን ጠባይ በደም ይወሰናል የሚል ሐሳብ አዝሏል። ይህ ሐሳብ ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው መጽሐፍ ግማሽ ኦርክ ከምርጫዎቹ ዝርዝር ወጥቷል። ከነጥብ ይልቅ ኑሮውን ብናስብ ይሻላል። ጆሮው የሩቅ ኮቴ የሚሰማ ሰው ገበያ መሀል እንዴት ይቆማል? ሌሊትስ እንዴት ይተኛል?

3. «አውሬ» ያለው ማነው?

ይህኛው ጥያቄ የቤታችን ነው። በአገራችን ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚል የቆየ እምነት አለ። ተረት ብቻ ሆኖ ቢቀር ምንኛ ጥሩ ነበር! ነገር ግን የተለጠፈው በሰው ላይ ነው፤ በቀጥቃጭ፣ በሸክላ ሠሪ፣ በጎንደር አካባቢ ደግሞ በቤተ እስራኤል ላይ። ማረሻቸውን ገዝቶ የሚያርሰው፣ በድስታቸው ወጥ የሚሠራው ሰው ጋብቻ ሲነሳ ይሸሻቸው ነበር።

ታዲያ አንዳችን «ቀን ቀጥቃጭ፣ ሌሊት ጅብ» የሆነ ገጸ ባሕርይ ፈጥረን ጀግናው በጦር ወግቶ እንዲገድለው ብናደርግ የፈጠርነው አዲስ ነገር የለም። የድሮውን ሐሜት አጸደቅነው እንጂ።

ጅቡን እንተወው ማለት ግን አይደለም። በተረቱ ሌሊት ጅብ ይቆስላል፣ ጠዋት ሰውየው ቁስለኛ ሆኖ ይገኛል። ያንኑ ታሪክ ከቀጥቃጩ በኩል እንጻፈው። ፍም ያቃጠለው እጁ ማስረጃ ተብሎ ሲቀርብበት ምን ይላል? ልጁስ ምን ትሰማለች? ወይም የጅቡን ግማሽ ለከሳሹ እንስጠው።

በአጠቃላይ ቀንዱና ጅራቱ መጨረሻ ላይ ይደርሳሉ። መጀመሪያ ገጸ ባሕርይው ስለ ራሱ አንድ ገጽ ይናገር። ከዚያ ጎረቤቶቹ ስለ እሱ የሚሉትን በሌላ ገጽ እንጻፍ። ታሪኩ ያለው ሁለቱ ገጾች በማይስማሙበት ቦታ ነው።