ዝቅተኛ ደመወዝን በሕግ ስለ መወሰንና ስለ ቀን ሠራተኞች

ለቀን ሠራተኛ ከዚህ በታች አይከፈል ተብሎ ደመወዝ በሕግ ሲወሰን፥ ድኻው ይጠቀማል የሚሉ አሉ፤ ባለርስቱ ሠራተኛ ስለሚቀንስ ድኻው ሥራ ያጣል የሚሉም አሉ። ነገሩ በሥራ ከታየባቸው አገሮች ሁለቱን እንመልከት፤ ዓመቶቹም እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ በኒው ጀርዚ ግዛት በ1992 ዓ.ም. የሰዓቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4 ዶላር ከ25 ሳንቲም ወደ 5 ዶላር ከ5 ሳንቲም ከፍ አለ። ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር የተባሉ ሊቃውንት በዚያና ደመወዙ ባልተለወጠበት በጎረቤቱ በፔንሲልቬኒያ 410 ምግብ ቤቶችን ቢመረምሩ፥ የሠራተኛው ቍጥር አልቀነሰም። ሌሎች ሊቃውንት የቤቶቹን የደመወዝ መዝገብ አይተው ቀንሷል ሲሉ ተከራከሯቸው።

እርሻ ግን እንደ ምግብ ቤት አይደለም። ምግብ ቤቱ በዋጋው ላይ ጥቂት ሳንቲም ሊጨምር ይችላል፤ የወይን ባለርስት ግን ዋጋውን የሚወስንበት በባሕር ማዶ ያለው ገዥ ነው። በደቡብ አፍሪካ በ2003 ዓ.ም. ለእርሻ ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ በተወሰነ ጊዜ፥ ደመወዙ በእርግጥ አደገ፤ በጽሑፍ ውል የሚሠሩትም በዙ፤ ነገር ግን የሠራተኛው ቍጥር ጐደለ። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ በዴ ዶርንስ የወይን እርሻ ሠራተኞች ሥራ አቁመው በቀን 150 ራንድ ጠየቁ፤ መንግሥትም በማርች 2013 የቀኑን ደመወዝ ከ69 ራንድ ወደ 105 ራንድ አደረሰው። ይህ በአንድ ጊዜ ከግማሽ በላይ መጨመር ነው፤ የኒው ጀርዚው ጭማሪ ግን አንድ አምስተኛ እንኳ አልሞላም። አንዳንድ ባለርስቶችም ቀድሞ በነጻ ይሰጡት ለነበረው ቤትና መብራት ማስከፈል ጀመሩ፤ እንዲህ ያለው ጭማሪ በአንድ እጅ ተሰጥቶ በሌላው የሚወሰድ ነው።

ሆኖም በአንድ ወረዳ አሠሪው አንድ ብቻ ሲሆን፥ ሠራተኛው ሌላ የሚሄድበት ስለሌለው፥ ደመወዙ እርሻው ሊከፍል ከሚችለው በታች ይቀራል። በዚህ ስፍራ ልከኛ ጭማሪ ቢደረግ ሥራ አይዘጋም።

በአገራችን በ2011 ዓ.ም. (በእኛ አቈጣጠር) የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው የሚመረምር የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ደንግጓል። ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት እንደ መተማ ባለው የሰሊጥ አገር በአጨዳ ወራት የቀኑን ክፍያ፥ ከክፍያው ጋር የሚሰጠውን ምግብና ማደሪያ፥ የተቀጠረውንም ሰው ቍጥር ከወዲሁ በመዝገብ ቢያኖሩ መልካም ነው። ምግቡና ማደሪያው ሳይቈጠር ገንዘቡ ብቻ ቢጻፍ፥ መዝገቡ የሠራተኛውን እውነተኛ ደመወዝ አያሳይም።