ከቤተ ሰብ ጋራ በኖርዌይ ባሕር ላይ በካያክ ለመጓዝ ስለሚገባው ዝግጅት

ዕረፍት የሥራ ረዳት እንጂ የሥራ ጠላት አይደለም። ዓመቱን ሙሉ በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ በደብዳቤና በማኅተም መካከል የዋለ ሰው፤ ሚስቱም ልጆቹም በቤትና በትምህርት ቤት የደከሙ እንደ ሆነ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ከለመዱት ስፍራ ተለይተው አዲስ አየር መተንፈሳቸው ለአካልም ለአእምሮም እንደሚጠቅም የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ያለ ምክር የተጀመረ ዕረፍት ከሥራው ድካም የባሰ ድካም፤ አንዳንድ ጊዜም የማይጠፋ ኀዘን ያመጣል። ስለዚህ ከቤተ ሰቡ ጋራ ወደ ኖርዌይ ሄዶ ካያክ በምትባለው ቀጭን ታንኳ በባሕር ላይ ሊዝናና የሚያስብ ሰው ጉዞውን እንዴት አድርጎ ማሰናዳት እንደሚገባው፤ ዛሬ በዚህ ገጽ ጥቂት ቃል ልናቀርብ ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኖርዌይ በሰሜን አውሮፓ ጫፍ ያለች፤ ተራራና ባሕር የተጋጠሙባት አገር ናት። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት አገሩን የሸፈነው ግዙፍ በረዶ ወደ ባሕር ሲንሸራተት ዓለቱን እየፋቀ ጥልቅ ሸለቆ ቈፈረ፤ በረዶውም ቀልጦ ባለቀ ጊዜ ባሕሩ ወደ ሸለቆዎቹ ገባ። እንዲህ ያለውን ወደ ተራራ መካከል የገባ የባሕር ክንድ የአገሩ ሰዎች ፍዮርድ ይሉታል። ከሁሉ የሚረዝመው ሶኝ ፍዮርድ ርዝመቱ 205 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ጥልቀቱም ከ1,300 ሜትር በላይ ነው። የደሴቶቹና የፍዮርዶቹ ዳርቻ ሁሉ አንድ ላይ ቢለካ ከ100,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ባለ አገር ታንኳ ለሰው እንደ በቅሎ ሆኖ መኖሩ አያስደንቅም።

ካያክ ግን በመጀመሪያ የኖርዌይ ታንኳ አልነበረችም። የግሪንላንድና የሌላውም የሰሜን ዋልታ ዳርቻ ሰዎች ማዕበል ከጣለው እንጨትና ከአጥንት ዐፅሟን እየሠሩ፤ የባሕር አውሬ ቆዳ እያለበሱ፤ ለአደን ያበጇት ዕቃ ናት። በጣና ሐይቅ የሚቀዘፈውን የደንገል ታንኳ ያየ አንባቢ ልዩነቱን ቶሎ ያስተውላል። የደንገሉ ታንኳ ራሱ ተንሳፋፊ ስለ ሆነ ሰው ከላዩ ይቀመጥበታል፤ ካያክ ግን ውስጧ ባዶ ነው፤ ቀዛፊውም እግሩን ዘርግቶ እስከ ወገቡ ይገባባታል፤ የመቀመጫዋንም ቀዳዳ በወገቡ በሚታሰር ጨርቅ ይከድነዋል። መቅዘፊያው ሁለት ምላስ አለው፤ አንድ ጊዜ በቀኝ፤ አንድ ጊዜ በግራ ይቀዘፋል። ለባሕር የምትሠራው ካያክ ርዝመቷ አምስት ሜትር ያህል ሲሆን፤ ወርዷ ከአንድ ክንድ ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ፈጣን ናት፤ ነገር ግን የማያውቃትን ሰው ትገለብጣለች።

እንግዲህ የዝግጅቱ ሁሉ ራስ ይህ ነው፤ ሰው ለአየሩ ሳይሆን ለውኃው ይልበስ። በሐምሌ ወር በፍዮርድ ዳር ፀሐይ ሞቃ፤ አበባው ፈክቶ፤ ሕፃናት በቀጭን ሸሚዝ ሲሮጡ ይታያል። ውኃው ግን ከተራራ በረዶ የሚወርድ ጅረት ስለሚቀላቀለው ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ነው። ውኃ የሰውን ሙቀት ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሹ ይቈራረጣል፤ ሳይወድም ውኃ ሊስብ ይችላል፤ ቀጥሎም ጣቶቹና ክንዶቹ ይደነዝዛሉ፤ ዋና ማወቁም አይጠቅመውም። አባቶቻችን ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ለዚህ ባሕር የተነገረ ይመስላል።

የዚህንም ነገር እውነተኛነት ከኖርዌይ ታላላቅ ሰዎች የአንዱ ታሪክ ያስረዳናል። ፍሪትዮፍ ናንሰን በ1888 የግሪንላንድን በረዶ አቋርጦ ክረምቱን በዚያ ሲያሳልፍ ካያክ መቅዘፍን ከአገሩ ሰዎች ተማረ። በ1895 ደግሞ ከጓደኛው ከዮሐንሰን ጋራ ወደ ሰሜን ዋልታ ሲገሠግሥ፤ ከቀርከሃና ከሸራ የተሠሩ ሁለት ካያኮች ይዞ ነበር። በ1896 በሰኔ ወር ሲመለሱ ካያኮቹን በበረዶ ዳር አስረው ወደ ኮረብታ ወጡ፤ ማሰሪያውም ተበጥሶ ካያኮቹ ስንቃቸውንና መሣሪያቸውን እንደ ያዙ ነፋስ ወሰዳቸው። ናንሰን ዘሎ ወደ በረዶው ውኃ ገባ፤ ዋኝቶም ደረሰባቸው፤ ነገር ግን እጅና እግሩ ደንዝዞ ወደ ካያኩ ለመውጣት እንኳ አቅም ሊያጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ይህ ሰው በስፖርትና በብርድ የተፈተነ ኃይለኛ ነበር። ናንሰንን እንዲህ ያደረገ ውኃ የዐሥር ዓመት ልጅን ምን ያደርገው ይሆን ብሎ ማሰብ ለአባትና ለእናት ይገባል።

ስለዚህ ካያክ ከማከራየት በፊት አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው የልብሱ ነገር ነው። ውኃ የማያስገባ ሙሉ ልብስ፤ በውስጡም የሱፍ ልብስ፤ በላዩም በልክ የተሠራ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ያስፈልጋል። የኖርዌይ ሕግ ርዝመታቸው ከስምንት ሜትር በታች በሆኑ ታንኳዎች ላይ ያለ ሰው ሁሉ በጉዞ ጊዜ ይህን ሰደርያ እንዲለብስ ከ2015 ጀምሮ ያዛል። የአባቱን ሰደርያ ለልጅ ማልበስ እንዳለማልበስ ነው፤ በውኃ ውስጥ በራሱ ላይ ሾልኮ ይወጣልና። ልጅ ከዐዋቂ ጋራ በሁለት ሰው ካያክ ይቀመጥ እንጂ ለብቻው አይላክ።

ሁለተኛው ነገር ትምህርት ነው። የኖርዌይ የካያክ ማኅበር ለባሕር ጀማሪዎች የ16 ሰዓት ትምህርት አለው፤ የጨረሰም ሰው የምስክር ወረቀት ይቀበላል፤ ከአከራዮችም ይህን ወረቀት የሚጠይቁ አሉ። ትምህርቱን ለመጨረስ ጊዜ የሌለው ቤተ ሰብ መሪ ይቅጠር። መሪ ቢኖርም ባይኖርም ግን ሰው ሁሉ በዳር፤ ጥልቀት በሌለው ውኃ፤ ታንኳው ተገልብጦ መውጣትን፤ የወገቡን ጨርቅ በፊት ባለው ማንጠልጠያ ስቦ መፍታትን፤ የወደቀውንም ጓደኛ ወደ ካያኩ መመለስን ሳይለማመድ ወደ ጥልቁ አይሂድ።

ሦስተኛው የስፍራውና የጊዜው ምርጫ ነው። ለጀማሪ ቤተ ሰብ ለውቅያኖስ ከተጋለጠው ዳርቻ ይልቅ በተራሮች የተከለለው የውስጥ ፍዮርድ ይሻላል። ለምሳሌ የሶኝ ፍዮርድ ቅርንጫፍ የሆነውን ኔሮይ ፍዮርድን እንመልከት። ይህ ፍዮርድ ርዝመቱ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጠበበበት ስፍራ ወርዱ 250 ሜትር ብቻ ሲሆን፤ በዳርና በዳር ያሉት ተራሮች ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣሉ፤ ፏፏቴውም ከገደሉ አፍ እንደ ነጭ ነጠላ ይወርዳል። የዩኔስኮ ድርጅት በ2005 ከዓለም ቅርሶች መዝገብ አግብቶታል። ወደ አካባቢው የሚሄድ ሰው ከኦስሎ ወደ ቤርገን በሚወስደው ባቡር ተሳፍሮ ሚርዳል ይደርሳል፤ ከዚያም በ20 ኪሎ ሜትር መንገድ ከ860 ሜትር በላይ ቍልቍል በሚወርደው ባቡር ወደ ፍሎም መንደር ይወርዳል። በአቅራቢያው ያለችው ኡንድሬዳል የምትባል መንደር በፍየል አይብዋና ከመካከለኛው ዘመን በቀረች ትንሽ የእንጨት ቤተ ክርስቲያኗ የታወቀች ናት፤ ልጆች የደከሙ ቀን እርስዋን መጐብኘት ይበቃል።

ጊዜው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ ይህም በአገራችን የተማሪዎች የክረምት ዕረፍት ከሚሆንበት ጊዜ ጋራ ይገጥማል። በኖርዌይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘመዶች ያሏቸው ቤተ ሰቦችም በዚህ ወራት ይሄዳሉና፤ የሸንገን ቪዛውን ቀደም ብሎ መጠየቅ ይገባል። በዚያ ወራት ሌሊቱ እጅግ አጭር ነው፤ በሰሜኑም ክፍል ፀሐይ ጨርሳ የማትጠልቅባቸው ሳምንታት አሉ። ይህ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም ሰውን ያታልላል፤ ብርሃን አለ ብሎ ሲቀዝፍ የሚያመሽ ሰው ድካሙን የሚያውቀው ክንዱ እንቢ ባለ ጊዜ ነውና። ስለዚህ ጉዞው በሰዓት ይለካ እንጂ በፀሐይ አይለካ።

የቀኑን መንገድ ስንቈጥርም በወረቀት ላይ ያለው ካርታ እንዳያኰራን እንጠንቀቅ። ዕቃ የጫነ ጀማሪ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ያህል ይቀዝፋል፤ እንግዲህ 17 ኪሎ ሜትር ከአራት ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ይመስላል። ነገር ግን ምሳ አለ፤ የልጅ ልቅሶ አለ፤ ነፋስም አለ። በጠራ ቀን ምድሩ ሲሞቅ ከቀትር በኋላ ነፋስ ከባሕር ወደ ፍዮርዱ ውስጥ ይነፍሳል፤ ጠዋት እንደ መስተዋት የነበረው ውኃ ከሰዓት በኋላ ይሸበሸባል። ስለዚህ በማለዳ ተነሥቶ ከቀትር በፊት ወይም ብዙ ሳይቈዩ ወደ ዳር መውጣት፤ መንገዱንም ለሁለት ቀን መክፈል፤ ሦስተኛውንም ቀን ለነፋስና ለዝናም ትርፍ አድርጎ መተው የብልኅ ሥራ ነው። ሁልጊዜ ዳር ዳሩን መሄድ፤ መርከብ ሲያልፍ መራቅ፤ ማዕበሉም ሲመጣ የካያኩን አፍንጫ ወደ እርሱ ማዞር ይገባል። የኖርዌይ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ትንበያውን ለሕዝብ ያለ ዋጋ ይገልጻል፤ ማታና ጠዋት ሳያዩት አይነሡ።

ስለ ማደሪያም የአገሩን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1957 የወጣው ሕግ ማንም ሰው ባልታረሰ ምድር ላይ በእግሩ እንዲያልፍና ድንኳን እንዲተክል ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ከሰው ቤት ቢያንስ 150 ሜትር መራቅ፤ በአንድ ስፍራም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከሁለት ሌሊት በላይ አለማደር ይገባል። ከሚያዝያ 15 እስከ መስከረም 15 ቀን፤ ይኸውም እንደ እነርሱ ወር አቈጣጠር፤ በዱር ውስጥና በዱር አጠገብ እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይያዝ። ምግብ በዚያ አገር እጅግ ውድ መሆኑንም የቤት እመቤት አስቀድማ ታስብበት። ትርፍ ልብስና ስንቅ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ይታሰር፤ ፊሽካና የእጅ ስልክ ግን በታንኳው ሆድ ሳይሆን በሰደርያው ላይ ይሁን። የባሕር አደጋ ሲደርስ የሚደወለው ቍጥር 120 ነው፤ ፖሊስም በ112 ይገኛል። የሚወጡበትንና የሚመለሱበትን ሰዓት ለአከራዩ ወይም ለማደሪያው ባለቤት ጽፎ መተው አይረሳ፤ የሚፈልገን ሰው ወዴት እንደ ሄድን ካላወቀ ቶሎ ሊደርስልን አይችልምና።

ከዚህ ሁሉ ዝግጅት በኋላ አንድ የሚከብድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም ልብስም ገንዘብም የማይገዛው ትሕትና ነው። በአገሩ ብዙ ሰው የሚያዝ ጌታ በውኃ ላይ ማዕረግ የለውም፤ ማዕበል የሹመት ደብዳቤ አያነብምና። አባት፤ ይህን ያህል ገንዘብ አውጥቼ፤ ይህን ያህል መንገድ መጥቼ እንዴት እመለሳለሁ ብሎ እልክ የያዘው እንደ ሆነ፤ የዚያ እልክ ዋጋ የሚከፈለው በደካማው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ከመነሣታቸው በፊት፤ ገና በቤታቸው በገበታ ዙሪያ ሳሉ፤ ቤተ ሰቡ አንድ ውል ይዋዋሉ። ይኸውም የጉዞው ልክ የደካማው ልክ እንዲሆን፤ ከእነርሱም ማንኛውም፤ ታናሹ ልጅ እንኳ፤ ፈራሁ፤ በረደኝ፤ እንመለስ ያለ እንደ ሆነ፤ ሁሉም ያለ ክርክርና ያለ ሣቅ እንዲመለሱ ነው። መሪውም ዛሬ አንወጣም ሲል ነገሩ በዚያው ይቁም። ምከር ምከረው፤ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው የተባለው ተረት በየብስ ለተሳሳተ ሰው ነው፤ በቀዝቃዛ ባሕር ላይ ግን መከራ ለመካሪነት ጊዜ አይሰጥም።

እንዲህ የተሰናዳ ቤተ ሰብ ነፋስ ከልክሎት ሦስቱን ቀን በዳር ቢቀመጥ እንኳ አልከሰረም። ልጆቹ ፏፏቴውን ያያሉ፤ የፍየሉን አይብ ይቀምሳሉ፤ አባታቸውም ለእነርሱ ሲል አሳቡን ሲለውጥ ያያሉ። ይህን ያየ ልጅ እርሱም በተራው የቤተ ሰብ አባት በሆነ ጊዜ እንዲሁ ያደርጋል ብለን እናምናለን። ለሚሄዱት ሁሉ መልካም መንገድና ጤና እንመኛለን።